የዕቃ ቤቱ ቁልፍ

ደርባን፣ ደቡብ አፍሪካ
ነሐሴ 20 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለአባቴ የአጎት ልጅ፣ ለቄሰ ገበዝ ገብረየሱስ፤

አባ ይፍቱኝ። ከእትዬ የትምወርቅና ከገሊላ ጋር እንዴት ከረማችሁ? ክረምቱስ እንዴት ይዟችኋል? ገብሱን በረዶ እንዳይመታባችሁ እዚህ ሆኜም እጸልያለሁ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት አለሁ።

አለሁ ስል ግን እኔ ብቻ ነኝ። ባለቤቴ አትናቴዎስ ሐምሌ 11 ቀን ተገደለብኝ። ሱቃችን የብረት ፍርግርግ አለው፤ ዕቃ የምናቀብለው በትንሿ ቀዳዳ ነው። ሁለት ጎረምሶች መጥተው የስልክ ካርድ ጠየቁት። ካርዱን ሊያወጣ ሲያጎነብስ አንደኛው ሽጉጡን በቀዳዳው አስገብቶ ጉሮሮው ላይ ተኮሰበት። እኔ ከጀርባው ስኳር እየመዘንኩ ነበር። ደሙ ስኳሩ ላይ ተረጨ። ሁለተኛውን ሲተኩስ አትናቴዎስ ወድቆ ስለነበር ጥይቱ የዱቄቱን ጆንያ በሳው። በአንድ የስልክ ካርድ ነው፣ አባ።

ፖሊስ ሽጉጡን አገኘው። የአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነው፤ ፈቃድ ያለው፣ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የማይቀር ሰው። ከፍራሹ ሥር ሸጉጦት የጎረቤት ልጅ ሰርቆት ኖሯል። ሰውዬው መጥቶ እግሬ ላይ ወደቀ። «የእኔ ሽጉጥ ሰው አይገድልም ብዬ ነው» አለኝ።

ፍትሐት ያድርሱለት። የክርስትና ስሙ ኃይለ ሚካኤል ነው።

ሌላው ጭንቀቴ ወንድሜ ነው። ወዳጆ «መርስዔ ኃዘን ከእስር ተፈቷል፤ ክላሽ መግዣ ላኪልኝ» ብሎኛል። አባታችንን ትዕዛዙን በጋራው የሣር መሬታችን በጓሳው ላይ በአንድ ሸክም ሣር ጠብ የገደለ ሰው መፈታቱን ስሰማ የእኔም አንጀት ቅጥል ብሏል። ለጠመንጃ ግን አልልክም። የቀረኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው። እርስዎ የንስሐ አባቱ ነዎት፣ ይሰማዎታል። ያስቁሙልኝ።

ልጅዎ እፀገነት ትዕዛዙ


ግሼ፣ ከራቤል ወዲህ
ጥቅምት 8 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት፤

እግዚአብሔር ይፍታሽ፣ ያጽናሽ፣ የሐዘንሽን መጨረሻ ያድርገው። ደብዳቤሽን ያየሁት ልጄ ገሊላ ራቤል ሄዳ ኔትወርክ ያገኘች ዕለት ነው። አሁንም እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፣ እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ፎቶው ተገልብጦ ከደረሰሽ ስልኩን አዙሪው፤ እኔን አትስደቢኝ።

አርባው ቢያልፈንም በሰማንያው ለአትናቴዎስ ፍትሐት አድርሰናል። ዓይኑን ያላየሁት አማቼ ነው፤ አልቅሼለታለሁ።

ወዳጆን ላስቁም ብዬ ብሄድ ክላሹን አንግቶ ማሳው ዳር አገኘሁት። አንዱን በሬና አሥራ ሁለት በጎች ሸጦ ገዝቶ ኖሯል! ሚስቱ ተሾመች «ከእኔ ይልቅ እሱን አቅፎ ነው የሚተኛው» ስትለኝ በአንድ ዓይኗ እየሳቀች በአንዱ እያለቀሰች ነው። ተቆጣሁት። እሱም መለሰልኝ። ምን ብሎ እንደ መለሰልኝ ይቅር።

አሁን ደግሞ የእኛን ጉድ ስሚ። ባለፈው ሳምንት የአንድ ሽማግሌ ቀብር ነበር። እንደ ደንቡ የሟች ወገኖች ተኩሱን አዘነቡት። አንዱ ጠጥቶ ኖሮ አፈሙዙ ዝቅ አለበት። ጥይቱ አስለቃሿ ጠጄ አፍ ውስጥ ገባ። «ወንድሜ» ልትል ጀምራ እኩሌታው ላይ ቀረባት። ጭንቅላቷ በኋላ በኩል ተከፈተ። እኔ መስቀል ይዤ ከጎኗ ቆሜ ነበር። ነጠላዬን የትምወርቅ ሦስት ቀን አጠበችው፤ አልለቀቀም።

ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «አጋጣሚ ነው» አለ። በማግሥቱ የጠጄን ሬሳ ስናወጣ ደግሞ ለእሷም ተኮሱላት! እውነቴን ነው የምልሽ፣ መስቀሉን ልወረውርባቸው ምንም አልቀረኝም። በዚህ ነገር እዚያ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ምን ያደርጋሉ? ጻፊልኝ።

አባትሽ ቄሰ ገበዝ ገብረየሱስ


ደርባን፣ ኅዳር 2 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአባቴ ለቄሰ ገበዝ ገብረየሱስ፤

አባ ይፍቱኝ፤ ጸሎትዎ አይለየኝ። የጠጄን ነገር ሳነብ ሱቁን ዘግቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ለአባቴም ያለቀሰችው እሷ ነበረች።

እዚህ አብያተ ክርስቲያናቱ አንድ ኅብረት አላቸው። የእኛዋም አለችበት፤ ካቶሊኩም ጴንጤውም አለበት፣ እንዳይቆጡኝ። የጠመንጃ ፈቃድ ሕግ ይጥበቅ፣ በየቤቱ የተሸሸገው ይሰብሰብ ብለን በየሦስት ወሩ ወደ ከተማው ምክር ቤት እንሄዳለን። ደረጃው ላይ ቆመን የተገደሉትን ስም እናነባለን። ከሟቹ ስም ቀጥሎ ገዳዩን አንጠራም፤ የምንጠራው የጠመንጃውን ባለቤት ነው። እኔ ተራዬ ሲደርስ «አትናቴዎስ» አልኩና ዝም አልኩ። ያ የጥበቃ ሠራተኛ ለካ ከኋላዬ ቆሟል። «ስሜን አትዝለይው» አለኝ። ሙሉ ስሙን ጠራሁት። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ቆቡን አወለቀ።

አባ፣ የእኛ ሰው ፖሊስ ባይፈራ ግዝት ይፈራል። እርስዎ ይጀምሩት። ለወዳጆም ጽፌለታለሁ፤ እኔን ከወደድክ ክላሹን ለአባ አስረክብ ብዬዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ እንዳይቀየሙኝ። የአባትዎ ምንሽር አሁንም አለ? ልጅ ሆኜ እናንተ ቤት ስመጣ ጎተራ ውስጥ ሲደብቁት አይቻለሁ። እሱስ?

ልጅዎ እፀገነት


ግሼ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት፤

እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ኪዳነ ምሕረት በክንፏ ትሸፍንሽ። እኛ ደህና ነን፤ ብርዱ ግን አጥንት ይሰብራል።

አንቺ ቆስቁሰሽኝ የአምስት አጥቢያ ካህናት በዘመሮ ገበያ ማግሥት ተሰበሰብን። ክርክሩ ሌላ ነው፤ አንዱ መሪጌታ «ጠመንጃ የሌለው ሰው በሬውን በምን ይጠብቃል?» ብሎ ሊማታኝ ነበር። በመጨረሻ ግን ለመንግሥት የሚገባውን ማመልከቻ እኔ ጻፍኩት፣ ሁሉም ፈረሙ። ቃሉ እንዲህ ይላል፦ «በለቅሶና በሠርግ የሚተኩስ በሕግ ይቀጣ፤ በየቤቱ ያለ ጠመንጃ ሁሉ ካህናትና የቤተ ክርስቲያን ጠባቂዎች ሲቀሩ ይመዝገብ፣ ያልተፈቀደውም ይሰብሰብ።»

በእኛ ደብር ደግሞ ግዝት አሰማሁ። ጠመንጃ የያዘ ቅጥሩን እንዳያልፍ፣ ቀብር ላይ የተኮሰ እንዳይፈታ ገዘትኩ። በሳምንቱ አንድ ሬሳ መጣ፤ አጃቢዎቹ ገና ከሩቅ እየተኮሱ። በሩ ላይ ቆምኩና «አላስገባም» አልኩ። የሟቹ ወንድም አፈሙዙን ግንባሬ ላይ ደገነ። ብረቱ ይቀዘቅዛል። «ተኩስና ለሁለታችንም የሚፈታ ቄስ ፈልግ» አልኩት። ሬሳው ሁለት ሰዓት ሙሉ መሬት ላይ ቆየ። በኋላ እናትየዋ መጥታ በጥፊ አጮለችው፤ ጠመንጃውን ከእጁ ነጥቃ እግሬ ሥር ወረወረችው።

ከዚያ ወዲህ ሰው እየመጣ ነው። እንደ ስለት እየተቀበልኩ ዕቃ ቤት አስገባለሁ። ስልሳ አንድ ደርሷል። የሰንበት ልብሰ ተክህኖውን ወደ ሌላ ቤት አዛወርነው፤ ቦታ ጠበበን! ቁልፉ አንድ ነው፣ አንገቴ ላይ ነው። ስተኛም አላወልቀውም።

ወዳጆም መጣ። ከኋላው ማን ቆሞ ነበር መሰለሽ? የመርስዔ ኃዘን ልጅ ቃለአብ። የባለቤቴ የየትምወርቅ እህት ልጅ ስለሆነ የእኛን ቤት እንደ ቤቱ ነው የሚያየው። ሁለቱ ደመኞች ጠመንጃቸውን አንድ ጥግ አስደገፉ። መስቀል አሳለምኳቸው። ተሾመች እልል ስትል ያልደነገጠ የለም።

አባትሽ ገብረየሱስ


ደርባን፣ ጥር 15 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለአባቴ ለቄሰ ገበዝ ገብረየሱስ፤

አባ ይፍቱኝ፤ እድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ደረጃው ላይ ቆሜ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ አነበብኩት። የጥፊው ታሪክ ላይ ስደርስ ሴቶቹ አጨበጨቡ። አትናቴዎስ ከሞተ ወዲህ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ነገር ግን «ካህናት ሲቀሩ» የሚለው ላይ ተደናቀፍኩ። ለምን ይቀራሉ? ባለፈው ስለ ምንሽሩ ጠይቄዎ አልመለሱልኝም። ረስተውት ይሆናል።

ወዳጆ «ያለ ጠመንጃ ስሄድ ጀርባዬን ይበርደኛል» ብሎኛል። ተዘግቶ የከረመው ጓሳ ለአጨዳ በጾሙ ሊከፈት ነው አሉ። የሣር አጨዳው ቀን አባቴ የሞተበት ቀን ነው። አባ፣ ወንድሜ ባዶ እጁን የወጣው እኔንና እርስዎን አምኖ ነው። በዚያ ቀን ከመካከላቸው ይቁሙልኝ።

ልጅዎ እፀገነት


ግሼ፣ መጋቢት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእፀገነት፤

እግዚአብሔር ያጽናሽ። ተሾመች በስልክ ነግራሻለች አሉኝ። እኔ ብዕሩን እያነሳሁ ስጥል ሁለት ሳምንት ሆነኝ።

ጓሳው የተከፈተው መጋቢት 4 ቀን ነው። እስከ ቀትር መካከላቸው ቆሜ ነበር። ወደ ቅዳሴ ስመለስ ተጋጠሙ። ቃለአብ «አባትህ የወደቀው እዚህ ጋ ነው፤ ሣሩ ያማረው ለዚያ ነው» አለው። ወዳጆ በያዘው ማጭድ ጉንጩን ቀደደው፤ ጥርሱ እስኪታይ። ሰው ገብቶ ገላገላቸው።

በማግሥቱ፣ የአቦ ዕለት፣ ወዳጆ ሣሩን በፈረስ ጭኖ ሲመለስ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ተተኮሰበት። አንድ ጥይት ነው፤ ሆዱን አገኘው። አንጀቱን በእጁ ይዞ እየተጎተተ ቅጥሩ በር ደረሰ። ተሾመች ነጠላዋን ቁስሉ ላይ ብትጠቀጥቅም ደሙ በጣቶቿ መካከል ያልፍ ነበር። እኔ ቅዳሴ ላይ ነበርኩ። ስወጣ አልፏል። ቃለአብ ታስሯል።

ቀብሩ ላይ ማንም አልተኮሰም።

ገብረየሱስ


ደርባን፣ መጋቢት 27 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለቄሰ ገበዝ ገብረየሱስ፤

ይፍቱኝ። ስለ ጤናዎ ልጠይቅ አቅም የለኝም።

ወንድሜን በደብዳቤ ገደልኩት። እጁን ያስፈታሁት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ደረጃ ላይ ቆሜ የሰው ስም አላነብም። የአጎቴ ልጆች ደውለውልኛል። እኔ ተነሡ ካልኩ ይነሣሉ፣ ተቀመጡ ካልኩ ይቀመጣሉ፤ ደሙ የእኔ ነው። ዕቃ ቤቱን ይክፈቱና የወዳጆን ክላሽ ይስጧቸው። መርስዔ ኃዘን ልጅ ሞቶበት ይየው። ለአሥር ዓመት የዋጥኩትን አሁን አልውጥም።

እና ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር አላስተኛኝም። ስልሳ አንዱም ተቆልፎባቸው ቁልፉ አንገትዎ ላይ ከነበረ፣ ቃለአብ ወንድሜን በምን ገደለው?

እፀገነት


ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለልጄ ለእፀገነት፤

ይህን ወረቀት ገሊላ ፎቶ አላነሳችውም። እንዳታነበው ፈርቼ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቼ በፖስታ ልኬዋለሁ።

ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ። ምንሽሩ ነበረ። አሁን ፖሊስ ጋ ነው።

ለሕዝቡ ጠመንጃ ሰው ይበላል እያልኩ ሳስተምር የእኔው ጎተራ ውስጥ፣ ገብስ ሥር ነበር። ለራሴ «የጽላት ሌባ ቢመጣ» እላለሁ። ውሸት ነው። ያባቴ ነው፤ እሱን ካስረከብኩ ከማንም ተራ ቄስ የማልሻል መሰለኝ። ያን ጊዜ ስቆጣው ወዳጆ የመለሰልኝም «አባ፣ መጀመሪያ የእርስዎን» ብሎ ነው። ነገሩን አድበስብሼ መረቅሁት።

ጥር ላይ ቃለአብ ገብሱን ወደ ጎተራ ሲገለብጥልን እጁ ብረት ነካ። አየኝ፤ አየሁት። ገብሱን መገልበጡን ቀጠለ። ያን ማታ አውጥቼ ዕቃ ቤት ብወስደው ወንድምሽ ዛሬ ሣሩን ይከድን ነበር።

የአቦ ዕለት ፊቱን በጨርቅ ጠምጥሞ ቤቴ መጣ። የትምወርቅ ቁስሉን አጠበችለት። ውኃ ልትደፋ ስትወጣ ጎተራውን ከፈተ።

ተኩሱን መቅደስ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። የአባቴን ምንሽር ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ የማን እንደሆነ ያኔውኑ አወቅሁ። ተሾመች በር ላይ «አባ! አባ!» ስትል ይሰማኛል። ቅዳሴ አይቋረጥም ብዬ ቀጠልኩ። ዲያቆን እንኳ አልላክሁም። አሁን ሳስበው ቅዳሴውን አክብሬ አይደለም፤ ወጥቼ ማየቱን ፈርቼ ነው። ሲቀድስ የነበረው አፌ ብቻ ነው።

ፖሊስ የማን ጠመንጃ ነው ሲለው ቃለአብ «ከማላውቀው ሰው ገዛሁት» ብሎ እኔን ሸሸገኝ። ገዳዩ ለእኔ አዘነልኝ! ከየትምወርቅ በቀር የሚያውቅ የለም። በፋሲካ መቅደስ አልገባሁም፤ ታምሜያለሁ አልኩ። የአጎትሽ ልጆች በየቀኑ እየመጡ ክላሹን ይጠይቁኛል። «እፀገነት ብላለች» ይላሉ። ምን ልመልስላቸው?

ገብረየሱስ


ደርባን፣ ግንቦት 29 ቀን 2011 ዓ.ም.

ቄሰ ገበዝ፤

ይፍቱኝ አልልም። እርስዎም ይፍታሽ ብለው አይጻፉልኝ።

ፖስታዎ ትናንት ደረሰኝ። አንብቤ ሳበቃ ያ የጥበቃ ሠራተኛ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እግሬ ላይ ሲወድቅ ንቄው ነበር። ከእርስዎ እሱ ተሻለ፤ ስሜን አትዝለይው ያለኝ ማንም ሳያስገድደው ነው።

የሰኔ ሚካኤል አገሩ ሁሉ ይሰበሰባል። ቅጥሩ በር ላይ፣ ወንድሜ የወደቀበት ላይ ይቁሙና እኛ እንደምናደርገው ስሙን ይጥሩ። የሟቹን ስም፣ ከዚያ የጠመንጃውን ባለቤት ስም ከነማዕረግዎ። ይህን ካደረጉ ለአጎቴ ልጆች ተቀመጡ እላለሁ፤ እኔም ወደ ደረጃው እመለሳለሁ። ካላደረጉ ግን ክላሹን ያወጡታል፤ ከዚያ በኋላ ለሚፈሰው ደም ከንፈሬን አልመጥም።

ይህን የላክሁት በገሊላ ስልክ ነው። ታንብበው ብዬ ነው።

እፀገነት ትዕዛዙ


ግሼ፣ ሰኔ 20 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለእፀገነት ትዕዛዙ፤

በጤና ያቆይሽ። ከዚህ የበለጠ ለመመረቅ ሥልጣን የለኝም።

ገሊላ ደብዳቤሽን አነበበች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ወጣች፤ እስከ ሚካኤል ድረስ አላናገረችኝም።

ታቦቱ ከገባ በኋላ በሩ ላይ ቆምኩ። ጥምጣሜን አውልቄ መሬት አኖርኩት። «ወዳጆ ትዕዛዙ። የቄሰ ገበዝ ገብረየሱስ ምንሽር» አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ ደገምኩት። ጎተራውንም፣ ቅዳሴውንም፣ ቃለአብ የዋሸልኝንም ተናገርኩ።

የመጀመሪያው ድንጋይ ጆሮዬን ቀደደው። ሁለተኛው ጥርሴን አራገፈው። ከአጎትሽ ልጆች አንዱ አንገቴን አንቆ መሬት ላይ ጣለኝና በጫማው ጎኔን ረገጠኝ። አልተከላከልኩም፤ ጎበዝ ሆኜ አይደለም፣ እጄ አልነሣ ብሎኝ ነው። ከዚያ ነገሩ ወደ ዕቃ ቤቱ ዞረ። «ጠመንጃችንን መልስ! ቄሱ ደብቆ እኛን አስፈታን!» እያሉ በሩን በድንጋይ ይቀጠቅጡ ጀመር። እውነታቸውን ነው። ስልሳ አንድ ጠመንጃ በዚያ ሰዓት ቢወጣ ማን ከማን ይተርፍ ነበር? አንዱ የቁልፉን ማተብ ሲጎትት አንገቴን ቆረጠኝ።

በዚህ መሐል ተሾመች መጣች። ጸጉሯን የተላጨች፣ ጥቁር የለበሰች ሴት እየገፋች ስትመጣ ሰው መንገድ ለቀቀላት። እጇን ዘረጋች። ቁልፉን ሰጠኋት። አንገቷ ላይ አጠለቀችውና ጀርባዋን ለዕቃ ቤቱ በር ሰጥታ ቆመች።

«ጠመንጃ ያለህ ሁሉ ና ውሰድ» አለች። «እከፍትልሃለሁ። ግን መጀመሪያ የማንን ባል እንደምትገድልበት ስሙን ንገረኝ። ስሙን ካልነገርከኝ አልሰጥህም።»

ድንጋይ የያዘው ድንጋዩን ያዘ፣ ግን የወረወረ የለም። የአጎትሽ ልጅ ከእኔ ላይ ተነሣ። ያንቺም መልእክት ማታውን ደረሳቸው፤ ተቀምጠዋል።

ማመልከቻው እንደገና ተጽፎ ገብቷል። «ሲቀሩ» የሚለው ወጥቷል። መዝገቡ ላይ አንደኛ ተራ የሰፈረው የእኔ ምንሽር ነው። እኔም ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ቀጠሮዬን እየጠበቅሁ ነው። መቅደስ አልገባም። እሁድ ስመጣ ከቅጥሩ ውጭ፣ ወንድምሽ ከወደቀበት ላይ ቆሜ አስቀድሳለሁ።

ቁልፉ ተሾመች ጋ ነው። እንጨት ስትለቅምም፣ ገበያ ስትሄድም አንገቷ ላይ ነው። እስካሁን ሦስት ሰዎች ጠመንጃቸውን ሊጠይቁ ቤቷ ሄደዋል። አንደኛው መርስዔ ኃዘን ነበር። ለሦስቱም ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻቸው፤ እስከ ዛሬ ስም የነገራት የለም።

ገብረየሱስ